የራክ ኧርዝ በየካቲት ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሰርቨር፣ የኔትወርክና የካሜራ ዕቃ ግዢያቸውን የሚያጣድፉት በግንቦትና በሰኔ ነው። ዕቃው ሲገባ ክረምት ይሆናል። ዕቃው የሚታሰርበት የብረት መደርደሪያ፣ ማለትም ራኩ፣ የሚቆመውና ከመብራት ጋር የሚገናኘውም በሐምሌና በነሐሴ፣ መሬቱ በውኃ በራሰበት ወቅት ነው። በግዢ ሰነዱ ላይ የሰርቨሩ አቅም፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራው የዩፒኤሱ ኪሎቮልት አምፔርና የካሜራው ብዛት በዝርዝር ይሰፍራል። ራኩ ከግድግዳው ጋር በምን ሽቦ እንደሚገናኝና ኧርዙ፣ ማለትም ወደ ብረቱ የሚሾልከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው መንገድ፣ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ መሰናክል መለኪያ) መሆን እንዳለበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስመር እንኳ አይጻፍም። የምንጽፈው ስለዚህ ስለተረሳ መስመር ነው።

አንድ ተራ ኮምፒውተር ኧርዝ በሌለው ሶኬት ዓመታት ሊሠራ ይችላል። ሰዎች “ራኩስ ለምን አይሠራም?” የሚሉት ከዚህ ልምድ ተነሥተው ነው። አዎ፣ ራኩም ይሠራል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የግድግዳውን መብራት ለዕቃው በሚመች መልክ በሚለውጠው በእያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ላይ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አንዱ ከፌዝ (ኤሌክትሪክ ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ ዕቃው የብረት አካል፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ወደዚያው አካል ተያይዘዋል። ሥራቸው ፓወር ሰፕላዩ የሚፈጥረውን የሬዲዮ ረብሻ ወደ መሬት ማውረድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ግን ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ዕቃው ሲሠራ ጀምሮ የታሰበ ነው። በሶኬት ለሚሰካ እንዲህ ላለ ዕቃ ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚፈቅደው ጣሪያ 3.5 ሚሊአምፔር ነው፤ ጤነኛ በሆነ ሰርቨር ወይም ስዊች ላይ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊአምፔር ገደማ ይለካል።

አሁን 12 ዕቃ የታሰረበትን አንድ ራክ እናስብ። ሁሉም በብሎን ከአንድ የብረት ምሰሶ ጋር ታስረዋልና የሁሉም ፍሳሽ ይደመራል፤ 12 ሚሊአምፔር ገደማ ማለት ነው። ኧርዙ ደኅና ከሆነ ይህ ሁሉ በአረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ማንም ሳያውቀው። ኧርዙ ከተቆረጠ ግን ሁለቱ ካፓሲተሮች ቮልቴጁን እኩል ይካፈሉትና የራኩ በር፣ መደርደሪያውና በኬብል የተያያዘው ብረት ሁሉ 110 ቮልት ገደማ ላይ ይንሳፈፋል። እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ በሩን የሚከፍት ሰው ያ 12 ሚሊአምፔር በእርሱ በኩል መሬት ይፈልጋል። ወደ 10 ሚሊአምፔር ሲደርስ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ30 ሲያልፍና ሲቆይ ልብን ያውካል። “ራኩ ትንሽ ይነዝራል” የሚባለው ነገር ይኸው ነው። የሚነዝር ራክ ኧርዝ የለውም፤ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ሥራ ማቆም አለበት።

ኧርዙ የሚጠፋባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ደጋግመው ይታያሉ። የመጀመሪያው ስፒናው ነው። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የእንግሊዝ ስፒና አለው፤ ግድግዳችን ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ለክብ ሁለት እግር የተሠራ፣ ኧርዙን ከጎን ባሉ ምላሶች የሚይዝ ነው። በመሀል የምትገባው ርካሽ አዳፕተር ሁለቱን ክብ እግሮች ብቻ ታስተላልፋለች። ዕቃው ይበራል፣ ኧርዙ ግን እዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ያበቃል። መፍትሔው ስፒናውን ቆርጦ በትክክለኛው መተካት፣ ወይም ከዕቃው ጀርባ የሚሰካውን የኃይል ገመድ ራሱን መቀየር ነው። የዕቃው መግቢያ በሁሉም አገር አንድ ስለሆነ ገመዱ በቀላሉ ይቀየራል።

ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። ዩፒኤሱ ላይ የሽቦ ስህተት አመልካች መብራት ሲበራ፣ መብራቷን ለማጥፋት ሲባል ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉንና ኧርዙን በአጭር ሽቦ ማያያዝ። መብራቷ ትጠፋለች፤ ቴስተርም ሁሉም ደኅና ነው ይላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ባለው መንገድ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢላላ፣ 220 ቮልቱ በዕቃው ውስጥ አልፎ፣ በኒውትራሉ ተመልሶ፣ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል የራኩን በር ይይዛል። አሁን በሩ ላይ ያለው በካፓሲተር የተገደበ ጥቂት ሚሊአምፔር ሳይሆን ሙሉው መስመር ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሥራው እንዲጠናቀቅ ፈልጎ ነው። ቢሆንም ከዚህ የሚብስ ጥፋት አናውቅም።

ሦስተኛው በአዳራሾች፣ በአምልኮ ቦታዎችና በሆቴሎች ያሉ የድምፅ ራኮች ላይ ይበዛል። ስፒከሩ “ሁም” ሲል የአምፕሊፋየሩን ኧርዝ መቁረጥ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ሁምታው የሚመጣው ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ በሁለት የተለያየ መንገድ ኧርዝ ስለሚያገኙና በመካከላቸው ባለው የድምፅ ገመድ ሽፋን ላይ ኤሌክትሪክ ስለሚዞር ነው። ነገር ግን ማይክሮፎኑን የያዘው ሰው ከዚያ በኋላ መከላከያ የለውም። ሁምታው በድምፅ ገመዱ በኩል ይፈታ፤ ባለ ሦስት እግር ባላንስድ ገመድ ይጠቀሙ፣ ካልበቃ በድምፅ መስመሩ ላይ አንድ ለአንድ የሆነ ማግለያ ትራንስፎርመር ያስገቡ፣ ሚክሰሩንና አምፕሊፋየሩንም ከአንድ ማከፋፈያ ያብሩ። የኃይል ገመዱ ኧርዝ ይቆረጥ የሚባልበት ሁኔታ የለም።

ወደ መሬቱ እንምጣ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ብዙ ቦታ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በሐምሌ የተተከለ 1.5 ሜትር የኧርዝ ዘንግ በእርጥብ ጭቃ ተከቦ 4 ወይም 5 ኦም ሊያሳይ ይችላል፤ ባለሙያው ይጽፋል፣ ደንበኛው ይፈርማል። በየካቲት ያው አፈር ከዘንጉ ተላቆ በዙሪያው ክፍተት ሲፈጥር ንባቡ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የክረምት ልኬት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ርክክቡ በክረምት ከሆነ ውሉ ላይ በየካቲት ወይም በመጋቢት ዳግም የሚለካበት ቀን ይግባ፤ የክፍያው የተወሰነ ክፍልም እስከዚያ ይቆይ። ዘንጉ ስንጥቁ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ 3 ሜትር፣ ወይም እየተቀጣጠለ ከዚያም በላይ። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ የዘንጉን ርዝመት ያህል ርቆ ይተከል። ተጠግተው ሲተከሉ አንድ አፈር ስለሚጋሩ ሁለተኛው ብዙ አይጠቅምም። ጨውና ከሰል መጨመር የቆየ ልማድ ነው። ጨው ለጊዜው ንባቡን ያወርደዋል፤ ዝናብ ግን አጥቦ ይወስደዋል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ ውኃ ስለሚይዝና ብረት ስለማይጎዳ ይሻላል።

አለካኩም ይገለጽ፣ ምክንያቱም በተራ መልቲሜትር የኧርዝ ዘንግ አይለካም። የኧርዝ መለኪያው ሦስት ገመድ አለው። አንዱ ከዘንጉ፣ አንዱ 30 ሜትር ያህል ርቆ ከሚተከል ጊዜያዊ ካስማ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ከዘንጉ የርቀቱ 62 በመቶ ላይ፣ ማለትም 18.6 ሜትር ገደማ ላይ ከሚተከል ካስማ ይገናኛል። መካከለኛውን ካስማ ወዲያና ወዲህ 2 ሜትር እያንቀሳቀሱ ሲለኩ ንባቡ ካልተለዋወጠ ልኬቱ ይታመናል። ለኤሌክትሮኒክ ዕቃ ራክ እኛ የምንቀበለው በደረቅ ወቅት ከ5 ኦም ያልበለጠ ነው።

ብዙ ሰው ዘንግ ከተተከለ ብሬከሩ ይቆርጣል ብሎ ያምናል። ሒሳቡ ይህን አይልም። 10 ኦም ባለው ዘንግ ላይ ፌዝ የራኩን ብረት ቢነካ የሚፈሰው 220 ሲካፈል ለ10፣ ማለትም 22 አምፔር ነው። ሲ 16 የተባለው የተለመደ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ወዲያው ለመቁረጥ ከ80 እስከ 160 አምፔር ይፈልጋል፤ በ22 አምፔር አንድ ሰዓት ቆይቶም ላይቆርጥ ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የራኩ ብረት ሕይወት የሚያጠፋ ቮልቴጅ ይዞ ይቆማል። ስለዚህ በዘንግ ብቻ ኧርዝ የሚያገኝ ቤት ውስጥ አርሲዲ የሚባለው፣ በፌዝ የገባውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል ካልሆነ የሚቆርጠው መከላከያ የግድ ነው። አርሲዲው ኤ ዓይነት ይሁን፤ ኤሲ ተብሎ የተጻፈበት የድሮው ዓይነት ከኤሌክትሮኒክ ዕቃ የሚመጣውን የተቆራረጠ ፍሳሽ በአግባቡ አያይም። ያንን 12 ሚሊአምፔርም አንርሳ። 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ከ15 ጀምሮ ሊቆርጥ ስለሚችል አንዱ ላይ የሚያርፈው የዘወትር ፍሳሽ ከ9 ሚሊአምፔር ባያልፍ ይመከራል። 12 ዕቃ ያለው ራክ እንግዲህ በሁለት መስመር፣ በሁለት አርሲዲ ይከፈል። ሁሉንም በአንድ አርሲዲ ያሰረ ሰው መብራት በመጣ ቁጥር ይቆርጥበታል፤ ሲሰለቸው ደግሞ አርሲዲውን አውጥቶ ይጥለዋል፤ መዘዙም ከዚያ ይጀምራል።

ራኩ ውስጥ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል። የራኩ ብረት ቀለም የተቀባ ነው፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ዕቃው በብሎን መታሰሩ ኧርዝ አገኘ ማለት እንዳልሆነ ይታወቅ። ኧርዙ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፍቆ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ተደርጎ ይጥበቅ። ከራኩ የኧርዝ ባር (የኧርዝ ሽቦዎቹ ከሚሰበሰቡበት ብረት) እስከ ሕንፃው ዋና ኧርዝ 16 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ፣ ከባሩ እስከ በሩና የጎን ሽፋኖቹ 6 ካሬ ሚሊሜትር ተጣጣፊ ሽቦ ይሂድ። ማጠፊያው ላይ ተማምኖ በሩን መተው አይገባም። በአንድ ብሎን ሥር ሁለት ሽቦ አይታሰር፤ አንዱን ለመፍታት ሲሉ ሌላውም ይፈታል። ሲጨርሱ ከባሩ እስከ እያንዳንዱ ዕቃ ብረት ያለው ንባብ ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ጫፉ በሚጨመቅ ቱቦ ይሸፈን። በስታኞ ማጠንከር የተለመደ ቢሆንም ስታኞ በብሎን ግፊት ሥር ቀስ እያለ ይፈስሳል፤ ከወራት በኋላ ይላላል፣ ይግላል፣ ያቃጥላል። ማንኛውም ብሎን ከአንድ ወር ሥራ በኋላ መብራት ተዘግቶ እንደገና ይጥበቅ።

ለራኩ ከማከፋፈያው የራሱ መስመር ይውጣለት፤ ከሻይ ማፍያና ከፎቶ ኮፒ ማሽን ጋር አይጋራ። 16 አምፔር ብሬከር ላይ 2.5፣ 32 አምፔር ላይ 6 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ። ሰርቨር ሌሊትና ቀን ስለሚሠራ ከብሬከሩ አቅም 80 በመቶ አይለፍ። ለ16 አምፔር ይህ 12.8 አምፔር፣ በ220 ቮልት 2,800 ዋት ገደማ ነው። ቮልቴጁ ሲወርድ የፓወር ሰፕላይ ፍጆታ እንደ አምፖል አይቀንስም፤ ዋቱን ለመጠበቅ አምፔሩን ይጨምራል። 2,500 ዋት የሚበላ ራክ በ220 ቮልት 11.4 አምፔር ይስባል፣ በ180 ቮልት 13.9። ማታ ማታ ሶኬቱ የሚግለው ለዚህ ነው። ዲቫይደር በዲቫይደር ላይ መሰካት በዚህ ሒሳብ ጨርሶ ቦታ የለውም። ገበያ ላይ “መዳብ” ተብሎ የሚሸጥ፣ በውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ሽቦም አለ። በቢላ ሲፋቅ ነጭ ብረት ከወጣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው መዳብ ይልቅ ብዙ ይግላል፣ ብሎን ሥርም ይላላል። የሽቦ ቀለም ብቻ አይታመን፤ ጥቁር በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ኒውትራል፣ በአሜሪካ ፌዝ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ ወይም በበጎ አድራጎት የሚላክ ዕቃ የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሰርቨሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ጀርባው ላይ ይነበብ። ከጀርባው ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ያለው አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ግን በ115 ላይ እንዳለ 220 ላይ ቢሰካ ወዲያው ይፈነዳል። አብሮ የሚላከው የራክ ማከፋፈያ፣ በተለይም “ሰርጅ ፕሮቴክተር” የተጻፈበት፣ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ውስጡ ያለው መከላከያ 220 ቮልትን እንደ መብረቅ ቆጥሮ ሊቃጠል ይችላል። በስፒና መቀየሪያ አይድንም፤ ይተው።

ኒውትራል የጠፋ ቀን ደግሞ ብሬከርም አርሲዲም አያድንም። ሦስት ፌዝ በሚገባበት ሕንፃ ዋናው ኒውትራል ሲበጠስ 380 ቮልቱ በክፍሎቹ መካከል እንደ ጭነታቸው ይከፋፈላል፤ ትንሽ ጭነት ያለበት ፌዝ ላይ 300 ቮልትና ከዚያም በላይ ይወጣል። አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ የሚችለው እስከ 264 ነው። መከላከያው ከራኩ መስመር በፊት የሚገባ፣ ቮልቴጅ ከ180 ሲያንስ ወይም ከ250 ሲበልጥ የሚቆርጥና መብራት ከተመለሰ በኋላ 3 ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ ሪሌይ ነው። ያ ቆይታ ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት እንደመጣ ያለውን መዋዠቅ ያሳልፋል። በርካታ ራክ ካለ የየአንዳንዱ ቆይታ ይለያይ፤ ሁሉም አንዴ ሲነሡ ፓወር ሰፕላዮቹ ለሚሊሰከንዶች የሚስቡት ድንገተኛ ጭነት ተደምሮ ብሬከር ይጥላል። አንድ ራክ ውስጥም ሁለት ፌዝ ባይገናኝ ይሻላል፤ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ማከፋፈያዎች መካከል 380 ቮልት ይኖራልና።

ከፍታውም ይቆጠር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ደሴና ደብረ ብርሃንም ከ2,000 በላይ ናቸው። የተራ ብሬከሮች ዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ላይም የተራራ ምልክትና 2,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከዚያ በላይ ለደኅንነቱ አልተፈተነም ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የመውሰድም ቮልቴጅ የመከላከልም አቅሙ ይቀንሳል። ብዙ የሰርቨር መመሪያዎች ከ900 ሜትር በላይ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከ35 ዲግሪው ጣሪያ 1 ዲግሪ እንዲቀነስ ይላሉ፤ በአዲስ አበባ 30 ይሆናል። ሲገዙ ምልክቱ ይታይ፤ ዕቃውም እስከ ጫፉ አይጫን።

ርክክብ ላይ ገዢው ራሱ ቆሞ ማየት ያለበት ጥቂት ነገር ነው። ሁሉም ዕቃ በርቶ፣ በራኩ ሶኬት ላይ ከፌዝ ወደ ኒውትራልና ከፌዝ ወደ ኧርዝ የሚለካው ተቀራራቢ ይሁን። ከኒውትራል ወደ ኧርዝ ከ1 እስከ 3 ቮልት ያህል ይጠበቃል። 50 ወይም 100 ከሆነ ኧርዙ ተቆርጧል። ጭነት እያለ ፍጹም 0.0 ከሆነ ሶኬቱ ተከፍቶ ይታይ፣ አጭሯ ሽቦ ልትኖር ትችላለች። በመለኪያ ክላምፕ የኧርዝ ሽቦው ታቅፎ የሚፈሰው ሚሊአምፔር ይነበብ፤ 12 ዕቃ እየሠራ ዜሮ ካሳየ ፍሳሹ በሌላ መንገድ፣ ምናልባት በኔትወርክ ገመድ ሽፋን እየሄደ ነው። የአርሲዲው መሞከሪያ ቁልፍ ይጫንና ይቁረጥ። እነዚህ ንባቦች ከነቀናቸው በወረቀት ተጽፈው ከራኩ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፉ፤ ከሥራቸውም ለየካቲት ልኬት ባዶ መስመር ይተው።

ከኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ